እግር ውስጥ ደም ሲረጋ፦ ሕክምናውን አወዳድሮ ለመምረጥ

አንድ እግር ብቻ አብጦ ባቱ ሲወጠር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወለምታን፣ ብርድን ወይም ድካምን ነው። ቅባት ይቀባል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ እግሩ ይታሻል። ችግሩ በጥልቁ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደም ከሆነ ግን ያንን እግር ማሸት አደገኛ ነው። ከረጋው ደም ላይ ቁራጭ ተነቅሎ ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ቁራጩ ትልቅ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል።

የሚያጽናናው ሕክምናው የታወቀና የሚሠራ መሆኑ ነው። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። መርፌ አለ፣ የቆየው ዋርፋሪን አለ፣ አዳዲሶቹ ክኒኖች አሉ፣ በቀጭን ቱቦ ገብቶ የረጋውን የሚያሟሟ ሕክምናም አለ። ለአብዛኛው ታማሚ መድኃኒቶቹ የረጋው ደም እንዳይሰፋ በማድረግ በኩል በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ ሰፊው ልዩነት ከታማሚው በሚጠይቁት ላይ ነው። አንዱ ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይፈልጋል፣ አንዱ በባዶ ሆድ ከተወሰደ በደንብ አይሠራም፣ አንዱ በየቀኑ መወጋት ነው፣ አንዱ ዋጋው ይከብዳል። ስለዚህ ስታወዳድሩ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ "ቢያንስ ሦስት ወር ሳላቋርጥ ልወስደው የምችለው የትኛውን ነው?" የሚለው ይሁን። ውሳኔው ከሐኪም ጋር የሚደረግ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ይዛችሁት የምትሄዱትና የምትጠይቁት ነው።

ደረጃ 1፦ ቀጠሮ የማይጠብቀውን ለዩ

ድንገት ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራስን መሳት ወይም ያለ ምክንያት የልብ ምት መፍጠን ከታየ የረጋው ደም ሳንባ ደርሶ ሊሆን ይችላል። እግሩ ከላይ እስከ ታች በጣም አብጦ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ከተለወጠና ሕመሙ የማይቻል ከሆነ ደግሞ እግሩ ራሱ አደጋ ላይ ነው። በሁለቱም ንጽጽሩን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ደሙ የረጋበትን ቦታ በትክክል እወቁ

ዋናው ምርመራ የደም ሥር አልትራሳውንድ ነው፤ ብዙዎች ዶፕለር ይሉታል። ባለሙያው በመሣሪያው ጫፍ ሥሩን ጫን ይለዋል። ጤነኛ ደም መላሽ ሲጫኑት ይከደናል፤ ውስጡ ደም የረጋበት አይከደንም። ሕመም የለውም፣ ጨረርም የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም ይደረጋል።

ዲ-ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ጥርጣሬው ዝቅተኛ በሆነ ሰው ላይ ውጤቱ ኔጌቲቭ ሲሆን "ደም አልረጋም" ለማለት ይጠቅማል። ፖዘቲቭ መሆኑ ግን በእርግዝና፣ በኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላና በዕድሜ መግፋትም የሚመጣ ነው። በዚህ ውጤት ብቻ ለወራት መድኃኒት ሊጀመርላችሁ ከሆነ "አልትራሳውንድ አያስፈልገኝም?" ብላችሁ ጠይቁ።

የውጤቱን ወረቀት ስትቀበሉ ደሙ የረጋው ከጉልበት በታች ባት ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ከጉልበት ኋላ፣ ጭን ውስጥ ወይም ከብሽሽት በላይ? የሚለውን ጠይቁ። ከጉልበት ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ወደ ሳንባ የመሄድ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ደም መፍሰስን የመሰለ ከልካይ ከሌለ በስተቀር መታከም አለበት። ባት ውስጥ ብቻ የቀረ ትንሽ የረጋ ደም ግን ምልክቱ ካልከበደና ሌላ አባባሽ ምክንያት ከሌለ አንዳንዴ ያለ መድኃኒት፣ ለሁለት ሳምንት አልትራሳውንዱን እየደገሙ በመከታተል ብቻ ይያዛል። ወደ ላይ ከሰፋ ሕክምናው ይጀመራል። ይህ አማራጭ የሚሠራው ግን ተመልሶ ለመታየት ለሚችል ሰው ነው። ለምርመራ ግማሽ ቀን መንገድ የሚመጣ ሰው መድኃኒቱን መጀመሩ ይሻለዋል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥርጣሬው ጠንካራ ሆኖ አልትራሳውንዱ በሰዓታት ውስጥ የማይገኝ ከሆነ፣ የደም መፍሰስ አደጋ ለሌለበት ሰው የመጀመሪያው መርፌ ወይም ክኒን ከምርመራው በፊት ይሰጣል። "እስከ ነገ ልጠብቅ ወይስ ዛሬ ልጀምር?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ ምርጫውን የሚያጠቡትን ነገሮች ሰብስቡ

የኩላሊት፣ የጉበትና የደም ሕዋስ ቆጠራ ምርመራ (ሄሞግሎቢንና ፕሌትሌት) ይደረግ፤ ክብደታችሁን ተመዘኑ። ከዚያ እነዚህን ሳትደብቁ ተናገሩ፦ የጨጓራ ቁስለት ወይም ደም ማስመለስ ነበረ ወይ? ካንሰር አለ ወይ? ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ገብቷል ወይ? እርግዝና አለ ወይ? ጡት ማጥባት አለ ወይ?

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የቲቢ መድኃኒት ነው። ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንን ጉልበት ያዳክማል፤ አዲሶቹን ክኒኖችም ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወግዳቸው አብረው እንዲወሰዱ አይመከርም። ቲቢ ራሱ ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው ሁለቱ ሕመሞች አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ሪቶናቪር ያለበት የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በተቃራኒው የአዲሶቹን ክኒኖች መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ደም ማቅጠኛ የሚባሉት መድኃኒቶች የረጋውን ደም አያሟሙም። እንዳይሰፋና አዲስ እንዳይረጋ ያግዱታል፤ የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ሰውነት ራሱ ነው። እግሩ በሳምንት ውስጥ ስላልጎደለ "መድኃኒቱ አልሠራም" ብሎ ማቆም ከዚህ አለማወቅ የሚመጣ ነው። ጥቅማቸው ምን ያህል እንደሆነ ያሳየው የመጀመሪያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1960 ታተመ። ባሪትና ጆርዳን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ደም ሳንባቸው ላይ የረጋባቸውን 35 ሰዎች ተከታተሉ። መድኃኒቱን ካላገኙት 19 ሰዎች 5ቱ በዚሁ ሕመም ሲሞቱ፣ ካገኙት 16 ሰዎች በሳንባ ላይ በረጋ ደም የሞተ አልነበረም። ጥናቱን በዚያው መልክ መቀጠል ተገቢ አልሆነም።

ሄፓሪን። የቆየው ዓይነት በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል፤ መተኛትና መጠኑን በምርመራ እያስተካከሉ መሄድ ይጠይቃል። ሲቆም በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠፋ፣ በኩላሊትም ላይ ስለማይመካ፣ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ወይም ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ይመረጣል። ሁለተኛው ኢኖክሳፓሪን ነው። ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ የተለመደው መጠን በኪሎ 1 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ተምሮ ቤት ሊሰጠው ይችላል። ኩላሊት ሲደክም መጠኑ ይቀነሳል። ሁለቱም የእንግዴ ልጅን አልፈው ወደ ፅንስ ስለማይደርሱ ለነፍሰ ጡር የሚመረጡት እነሱ ናቸው። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ አዲሶቹ ክኒኖችም በእርግዝና አይሰጡም።

ስለ አራሶች ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደም የመርጋት ዕድል በጣም ከፍ የሚልባቸው ናቸው፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ላይ ደግሞ ይብሳል። አራስ ተኝታ ትቆይ የሚለው የቤተሰብ እንክብካቤ በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ መተኛት ለእግሯ ደም ዝውውር አይበጅም። ተነሥታ ቤት ውስጥ ትንቀሳቀስ። ደም ረግቶባት ጡት የምታጠባ ከሆነ ሄፓሪንም ዋርፋሪንም ይሆኗታል። አዲሶቹ ክኒኖች ግን ለምታጠባ እናት አይመከሩም።

ዋርፋሪን። ለሰው ሕክምና መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ክኒኑ ርካሽ ነው። ችግሩ የሚበቃው መጠን ከሰው ሰው የሚለያይ፣ በአንድ ሰው ላይም ከወር ወር የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ አይ.ኤን.አር በሚባል የደም ምርመራ ይለካል፤ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ከ2 በታች ከሆነ መድኃኒቱ በበቂ አይከላከልም፣ ከ3 ሲያልፍ የመድማት አደጋው ይጨምራል። ብቻውንም አይጀመርም። እስኪሠራ ቀናት ይፈጅበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ደም የሚያረጋው ወገን ሊያይል ይችላል። በመሆኑም ቢያንስ ለ5 ቀን፣ አይ.ኤን.አርም 2 ደርሶ አንድ ሙሉ ቀን እስኪረጋጋ ድረስ ከሄፓሪን መርፌ ጋር አብሮ ይሰጣል። ያለ መርፌ ዋርፋሪን ብቻ ተጽፎላችሁ ከሆነ ከመድኃኒት ቤቱ ሳትወጡ ጠይቁ።

አዲሶቹ ክኒኖች። ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን፣ ዳቢጋትራንና ኢዶክሳባን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። አይ.ኤን.አር አያስፈልጋቸውም፤ በሰዓታት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለ መርፌ ከመጀመሪያው ቀን ይሰጣሉ። ሪቫሮክሳባን 15 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ21 ቀን፣ ከዚያ 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው። አፒክሳባን 10 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን፣ ከዚያ 5 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ነው። መጠኑ የሚቀየርበትን ቀን ካላንደር ላይ አክብቡት፤ በስሕተት ቀድሞ መቀነስም፣ ከፍተኛውን መጠን ማስረዘምም ጉዳት አለው። ዳቢጋትራንና ኢዶክሳባን ከ5 ቀን ገደማ መርፌ በኋላ የሚጀመሩ ናቸው።

ከዋርፋሪን ጋር ሲወዳደሩስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የአፒክሳባን ጥናት ከ5,000 በላይ ታማሚዎችን ለስድስት ወር አነጻጽሯል። ደም ዳግም የረጋባቸው ወይም በዚሁ ምክንያት የሞቱት በአፒክሳባን 2.3 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና 2.7 በመቶ ነበሩ፤ ይህ ተቀራራቢ ነው። ከባድ መድማት ግን 0.6 በመቶ በ1.8 በመቶ ሆነ። ሁለቱም በእጃችሁ ከሆነና ከልካይ ምክንያት ከሌለ አዲሱ ክኒን መመረጡ በቂ ምክንያት አለው።

ከልካዩን ግን ልብ በሉ። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላለበት ዋርፋሪን ነው። አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም የተባለ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ደም የሚያረጋበት ሕመም ላለበትም ዋርፋሪን ይመረጣል። ኩላሊቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው ዳቢጋትራን አይሆንም፤ ሌሎቹም በጥንቃቄ ይታያሉ። ካንሰር ላለበት የኢኖክሳፓሪን መርፌም ሆነ ከአዲሶቹ አንዳንዶቹ ይሠራሉ፤ ካንሰሩ የጨጓራ ወይም የአንጀት ከሆነ ግን ክኒኖቹ የመድማት ዕድሉን ስለሚጨምሩ መርፌው ይታሰባል።

ደረጃ 5፦ ማዕዱንና ጾሙን ወደ ንጽጽሩ አስገቡ

ይህን ሐኪም ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ እናንተ አንሡት። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ በጎመን፣ በቆስጣና በሰላጣ በብዛት አለ። የፍስክ ጊዜ ሥጋና እንቁላል ሲበላ የከረመ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን መብላት ከጀመረ አይ.ኤን.አሩ ሊወርድ ይችላል። ጾሙ ሲፈታ ጎመኑ ድንገት ሲቆም ደግሞ ይወጣል። መፍትሔው ጎመንን መተው አይደለም። ዓመቱን በሙሉ ተመሳሳይ መጠን መብላት፣ ካልተቻለም ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ምርመራውን ማስደገም ነው።

ሪቫሮክሳባን በ15 እና በ20 ሚሊግራም መጠኑ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በበቂ አይቀበለውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በጠዋት በባዶ ሆድ ቢውጠው የመድኃኒቱን ጥቅም ያጎድላል። በቀን አንዴ የሚወሰድበት ጊዜ ላይ ከደረሰ ከዋናው ማዕድ ጋር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ግን ሁለት ማዕድ ይፈልጋሉ። አፒክሳባን ምግብ አይጠይቅም፤ ሆኖም በየ12 ሰዓቱ ገደማ ውኃ መጠጣትን ይፈልጋል። በረመዳን ኢፍጣርና ሱሁር ላይ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ሰዓት እኩል ስለማይሆን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ የንስሐ አባትንም ሆነ ሼኩን ማማከር በራስ ፈቃድ ክኒን ከማሳለፍ እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ሦስት ወሩን እስከ መጨረሻው አስሉ

የአንዱን ክኒን ዋጋ ከሌላው ጋር ብቻ አታነጻጽሩ። ከከተማ ውጭ ላለ ሰው ዋርፋሪን ማለት ክኒኑ ብቻ ሳይሆን የአይ.ኤን.አር ክፍያ፣ መጓጓዣና ከሥራ የሚቀርበት ቀን ጭምር ነው። ይህን ደምራችሁ ከአዲሶቹ የሦስት ወር ዋጋ ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ከምታስቡት ሊጠብ ይችላል። ምርመራው ቅርብ ለሆነለትና በየቀጠሮው ለሚገኝ ሰው ግን ዋርፋሪን ዛሬም በሚገባ የሚያገለግል ሕክምና ነው፤ "ድሮ ቀረ" ብሎ ማቃለል ልክ አይደለም።

ቀጥሎ አቅርቦቱን ጠይቁ። ዛሬ የተገኘው ክኒን በሚቀጥለው ወር ይኖራል? አዲሶቹ ክኒኖች ከቆሙ መከላከላቸው በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ ያለቀበት ቀን ሳይሆን ሳምንት ቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ የመድኃኒቱን መሠረታዊ ስምና ሚሊግራሙን ጽፋችሁ ላኩ፤ የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለያያልና። ከጠፋም ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታለፍበት ሥርዓት ግን የሐኪም ነው፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ያደማል።

ደረጃ 7፦ ካቴተር፣ ማጣሪያና ስቶኪንግ የት ላይ ይገባሉ?

በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) በኩል የሚያሟሟ መድኃኒት በረጋው ደም ውስጥ መስጠት ወይም መምጠጥ ሲሰሙት የሚስብ ነው፤ "ለምን አይጸዳም?" ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 692 ሰዎችን አወዳደረ። ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው የእግር እብጠት፣ ክብደትና የቆዳ ጉዳት ካቴተር በተደረገላቸው 47 በመቶ፣ መድኃኒት ብቻ በወሰዱት 48 በመቶ ላይ ታየ። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከባድ መድማት ግን 1.7 በመቶ በ0.3 በመቶ ነበር። ካቴተሩ ከባዱን ዓይነት ጉዳት ግን በተወሰነ መጠን ቀንሷል። ስለዚህ የሚታሰበው እግሩ ሊጠፋ ላለ ሰው፣ እንዲሁም ደሙ ከብሽሽት በላይ ለረጋበት፣ ሕመሙ አዲስ ለሆነ፣ ለመድማት ብዙም ለማይጋለጥ ወጣት ነው። ከእሱም በኋላ ደም ማቅጠኛው ይቀጥላል።

ወደ ልብ በሚወስደው ትልቁ ደም መላሽ ውስጥ የሚቀመጠው ማጣሪያ፣ አሁን እየደማ በመሆኑ ደም ማቅጠኛ ጨርሶ መውሰድ ለማይችል ሰው ነው። ሲያስገቡት "የሚወጣው መቼ ነው?" ብላችሁ ቀኑን አስጽፉ፤ ረስተው ሲተዉት ራሱ ደም ሊያረጋ ይችላል።

አጥብቆ የሚይዘው ስቶኪንግ እብጠትንና ሕመምን ያቀላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ ጥናት ግን ዘላቂውን ጉዳት እንደማይከላከል አሳይቷል። ከተመቻችሁ ልበሱት፤ ካልተመቻችሁ ግድ የለም።

ደረጃ 8፦ እየወሰዳችሁ ሳለ

ተራመዱ፤ መድኃኒቱ ከተጀመረና ሕመሙ ከፈቀደ አልጋ ላይ መዋል አያስፈልግም። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ፤ ለሕመም በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል። መቀመጫ ላይ የሚሰጥ የጡንቻ መርፌ ሊወጓችሁ ሲነሡ ደም ማቅጠኛ ላይ መሆናችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ጡንቻው ውስጥ ደም ይቋጠራል። ዋግምትም በዚህ ጊዜ አይሆንም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊትም ደም ማቅጠኛ ላይ መሆናችሁን ተናገሩ። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ዋርፋሪንን ያበረታሉ። ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ ቀይ ሽንት፣ ጭንቅላትን መመታት ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው።

ደረጃ 9፦ በሦስተኛው ወር ተመለሱና ወስኑ

ክኒኑ ሲያልቅ ዝም ብሎ ማቆምም፣ ዝም ብሎ መቀጠልም ትክክል አይደለም። ጥያቄው "ደሙ ለምን ረጋ?" ነው። ቀዶ ሕክምና፣ ስብራትና ጀሶ፣ ወሊድ የመሰለ ጊዜያዊ ምክንያት ከነበረና ካለፈ፣ ለብዙዎች ሦስት ወር ይበቃል። ኢስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ሲወስዱ የረጋ ከሆነ መከላከያው ይቀየራል። ምክንያቱ ካንሰር ከሆነ ካንሰሩ እስካለ ድረስ ሕክምናው ይቀጥላል።

አስቸጋሪው ምንም ምክንያት ያልተገኘለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም በመጀመሪያው ዓመት ከ10 ሰው በአንዱ ገደማ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ደግሞ ከ3 ሰው በአንዱ ገደማ ላይ ደም ዳግም ይረጋል። ስለዚህ የመድማት አደጋው ዝቅተኛ ከሆነ መቀጠሉ ይመረጣል። ከስድስት ወር በኋላ አፒክሳባን ወደ 2.5 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ፣ ሪቫሮክሳባን ወደ 10 ሚሊግራም አንዴ ዝቅ ሊል ይችላል፤ 10 ሚሊግራሙ ምግብ አይጠይቅም። ለቀጠሉትም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ኩላሊታቸው፣ ሄሞግሎቢናቸውና አዲስ የተጨመረ መድኃኒት እየታየ ውሳኔው ይታደሳል። ያቆሙትም ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የመሰለ ረጅም በረራ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም እርግዝና ሲመጣ ቀደም ሲል ደም ረግቶባቸው እንደነበር አስቀድመው ለሐኪም ይናገሩ፤ ለዚያ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መከላከያ አለ።